በሁለተኛ ማርሽ ወደ ባሕር ዳር

ጋሽ ይርሳው በባሕር ዳር ሹፌሮች ዘንድ የሚታወቁት በቤንዚን ቆጣቢነታቸው ነበር። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት በዚያ በደርግ ዘመን ሌላው ሹፌር ጀሪካን ይዞ መንገድ ዳር ሲለምን፣ እሳቸው ታንኩ ግርጌ በቀረችው ጠብታ ቤታቸው ይገባሉ። ሜዳ ሲያገኙ አራተኛ ማርሽ አስገብተው እግራቸውን ያሳርፋሉ፤ ቁልቁለት ሲያገኙ ማርሹን ነጻ አድርገው በፎሌ ይለቁታል። «ይርሳው የሚነዳው በቤንዚን አይደለም፣ በቤንዚን ሽታ ነው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

እኔ ግን እኚህን ሰው አንድ ቀን ቤንዚን እንደ ውሃ ሲደፉት አየኋቸው። ቀኑን ሙሉ ነገሩ አልገባኝም። የገባኝ ሊመሽ ሲል ነው፤ ዛሬም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ገብቶኛል ብዬ አልምልም።

ያን ጊዜ መራዊ ላይ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበርሁ። ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም፤ ሰውነቴ ግን ከዕድሜዬ ቀድሞ ወፍሯል። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «በርሜሉ» ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ሰምቼ እንዳልሰማ አልፋቸዋለሁ። ባለቤቴ ትርንጎ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ መውለጃዋ ደርሶ ነበር። ታናሽ ወንድሟ አበጀ ባሕር ዳር ቴክኒክ ትምህርት ቤት ስለ ሞተር ይማራል፤ ለዕረፍት መጥቶ እኛ ዘንድ ሰንብቷል። አበጀ እንደ ሸምበቆ የቀጠነ፣ ያወቀውን ሳይናገር ማደር የማይችል ልጅ ነው። በመጣ በማግስቱ ወፍጮ ቤት ሄዶ የሞተሩን ድምፅ እንደሰማ «ይሄ ሞተር ታፍኗል፤ ነዳጅ በከንቱ እየበላባችሁ ነው» ብሎ ከባለ ወፍጮው ጋር ተጣልቶ ተመለሰ። ባለ ወፍጮው ቆይቶ ማጣሪያውን ከፍቶ ቢያየው አፈር ጠግቦ ተገኘ። አበጀ እንዲህ ነበር፤ ልክ ይሆናል፣ ልክ መሆኑንም ይነግርሃል።

ታዲያ አንድ ጠዋት ትርንጎ ምጥ ጠናባት። የጤና ጣቢያው ጤና ረዳት አይቷት ወጣና «ልጁ በእግሩ ነው የመጣው። ይሄ የኔ አቅም አይደለም፤ በቶሎ ባሕር ዳር አድርሷት» አለን። ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሮጥሁ። አውቶቡስ የለም። ከባሕር ዳር በጠዋት የሚመጣው ቀርቷል፤ ለምን እንደቀረ የሚያውቅ ሰው ግን አላገኘሁም። የገበያ ቀን ሆኖ ሳለ መንገዱ ጭር ብሏል።

በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ በር ላይ የጋሽ ይርሳው ላንድሮቨር ቆማ ሳያት እግዜር የላካት መሰለኝ። ጋሽ ይርሳው መራዊ ስብሰባ ላይ የሰነበተውን የመሥሪያ ቤታቸውን ኃላፊ ሊወስዱ በጠዋት ብቻቸውን መጥተዋል። የቀበሌ ጥበቃዎችና ስብሰባተኞች መኪናዋን ከበው ያወራሉ።

«ጋሽ ይርሳው፣ ስለ ማርያም! ትርንጎ ልትሞትብኝ ነው!»

«እሷንና አንዲት ሴት አምጣ፤ አሁኑኑ እወስዳለሁ» አሉኝ። «ወንድ ግን አልጭንም።»

«እንዴት? እኔ ባሏ እኮ ነኝ!»

«ቤንዚን የለኝም መምህር። መኪናው ሸክም አይችልም። አንተም ወንድሟም ነገ ከነገ ወዲያ ትመጣላችሁ።»

ይህን ሲሉኝ ዓይኔን አላዩኝም። ጋሽ ይርሳው ከዚያ በፊት ቡና የሞላ ጆንያ ላይ ሰው፣ ሰው ላይ ፍየል ደርበው ሲጭኑ በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ ምን ነክቷቸው ነው? ተናደድሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ስጨቃጨቅ ኃላፊው ከአዳራሹ ወጣ። ካኪ የለበሰ፣ ኪሱ ላይ እስክሪብቶ የሰካ፣ በእድሜ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ የፓርቲ ሰው ነው። እሱ ሲመጣ ጫጫታው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ጉዳዩን ነገርሁት።

«ሚስቱ በምጥ ላይ እያለች ባል ይቅር ይባላል እንዴ?» አለ። «ጓድ ይርሳው፣ ሁሉንም ይጫኗቸው።»

ጋሽ ይርሳው አፋቸውን ከፈቱና ዙሪያውን አይተው መልሰው ዘጉት። «እሺ» አሉ። እኔ ያን ኃላፊ በልቤ መረቅሁት።

ኃላፊው ከፊት ተቀመጠ። ከኋላ ትርንጎን በጋቢ አስተኝተን ጎረቤታችን እቴቴ ዝማም ራሷን በጭናቸው ደገፉላት። እኔና አበጀ ከፊታቸው ተጨናንቀን ተቀመጥን። እቴቴ ዝማም «ማርያም ትቅረብሽ፣ ማርያም ትቅረብሽ» ይላሉ፤ ኃላፊውም ሰምቶ እንዳልሰማ መንገዱን ያያል።

ከመራዊ እንደወጣን አበጀ ጆሮውን ቀሰረ። መኪናዋ ትጮሃለች። ሜዳው እንደ መዳፍ የተዘረጋ፣ ዳገት የሚባል የሌለበት መንገድ ነው፤ ላንድሮቨሯ ግን ተራራ የምትወጣ ያህል እያጓራች፣ ፍጥነቷም ሳይጨምር ትንፏቀቃለች።

«ጋሽ ይርሳው፣ በሁለተኛ እኮ ነው የሚነዱት» አለ አበጀ።

«አውቃለሁ።»

«ሦስተኛ ያስገቡት እንጂ፤ አራተኛም ይችላል።»

«ሸክሙ ከብዶታል ልጄ። ሲያቃስት አትሰማም?»

«ማቃሰት አይደለም፤ ጩኸት ነው! ሞተሩ በከንቱ እየተሽከረከረ ነው።» ወደ እኔ ዞሮ በጆሮዬ «ሰውዬው ዛሬ ጤና የላቸውም» አለኝ። እኔም እንደዚያው አሰብሁ። ትርንጎ እጄን ጨምቃ ስትጮህ፣ ሞተሩ ሲጮህ፣ እቴቴ ዝማም ሲማጸኑ፣ የቱን መስማት እንዳለብኝ ጠፋኝ።

የመሸንቲን ከተማ ጥቂት አልፈን ጋሽ ይርሳው መኪናዋን ዳር አስይዘው አቆሙ። የቤንዚን መለኪያዋን በጣታቸው እያሳዩ «ይኸው ቀስቷ መሬት ነክታለች። ሁለቱ ወንዶች ይውረዱ፤ አለዚያ ሳንደርስ ይህች ሴት እመንገድ ላይ ትቀርብናለች» አሉ።

ቀስቷን አየኋት። እውነትም ከታች ተጋድማለች። ልወርድ ስነሳ አበጀ ትከሻዬን ያዘ።

«ቆይ አያ ሙሉ። ይሄ ስህተት ነው። ጓድ ኃላፊ፣ መናገር ይፈቀድልኛል?»

«አስረዳ» አለ ኃላፊው ወደ ኋላ ዞሮ። የተማረ ሰው ሲያስረዳ መስማት ይወድ ነበር መሰለኝ፤ ፊቱ ፈካ አለ።

አበጀ በዚያች ጠባብ ቦታ እጁን እያወናጨፈ ጀመረ። «ክብደት ቤንዚን የሚበላው መኪና ሲነሳና ዳገት ሲወጣ ነው። ሜዳ ላይ አንዴ ከሄደ የሁለት ሰው ክብደት ያን ያህል አይቆጠርም። ቤንዚኑን የሚጨርሰው ይሄ ማርሽ ነው። የቤንዚን ሞተር ትንሽ ሥራ ይዞ በፍጥነት ሲሽከረከር የአየር መግቢያው በግማሽ ተዘግቶበት ነው፤ አየር ለመሳብ ብቻ ይለፋል። አፍንጫን ይዞ እንደ መሮጥ ነው። በአራተኛ ዝግ ብሎ፣ ሸክሙ ተሰምቶት ሲሠራ ግን ይተነፍሳል፤ ከያንዳንዷ ጠብታ ብዙ ጉልበት ያወጣል። ባዶውን በሁለተኛ ከሚሮጥ፣ ተሸክሞ በአራተኛ ቢሄድ ያንሰዋል! እኛን ከማውረድ ማርሹን ይቀይሩት።»

ንግግሩ ያምር ነበር። እኔ እንኳ ሚስቴ በምጥ ላይ ሆና አደመጥሁት። ጋሽ ይርሳው ብቻ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው አንገታቸውን ደፉ።

«የመጽሐፍ ነገር ነው» አሉ። «እኔ ይቺን መኪና አውቃታለሁ። ሁለቱም ይውረዱ ጓድ ኃላፊ፤ እኔ ኃላፊነት አልወስድም።»

«ልጁ ሳይንሱን አስረድቶዎታል» አለ ኃላፊው፤ መቆጣት ጀምሯል። «ይሁን፣ ለእርስዎም ሲባል አንዱ ይውረድ። ከባዱ።»

ሁሉም እኔን አዩኝ። በርሜሉን።

«እኔ ልውረድ፤ እሱ ባሏ ነው» አለ አበጀ ደንግጦ።

«አንተ ትቆያለህ። መኪናው ቢቆም ሞተር የሚያውቅ ሰው ያስፈልገናል።»

ትርንጎ የኮቴን ጫፍ ያዘች። «ሙሉዬ፣ ተው አትውረድ» አለችኝ። ጣቷን አንድ በአንድ አስለቅቄ ወረድሁ። ሌላ ምን ላድርግ? ክብደቴ ሚስቴን የሚገድላት ከሆነ ምን ፊት ኖሮኝ እቀመጣለሁ?

ጋሽ ይርሳው ጎማ የሚያዩ መስለው ወረዱና ከመኪናው ኋላ ክንዴን ያዙኝ። «በመኪናው መንገድ እንዳትሄድ» አሉኝ በሹክሹክታ። «በእርሻው ገብተህ ወደ ሐይቁ ውረድ፤ በታንኳ ግባ። አቋራጭ ነው።»

«አቋራጭ አይደለም እኮ ጋሽ ይርሳው፤ ዙሪያ ነው!»

«ነው አልሁህ! በልጅህ፣ እምቢ አትበለኝ።» ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጎማው ደህና ነው!» አሉና ተመልሰው ገቡ።

ከባዱ እኔ ወርጄ እንኳ መኪናዋ በሁለተኛ እየጮኸች ሄደች። አበጀ በኋላ መስኮት ሆኖ ማርሹን በእጁ እየቀየረ አሳየኝ፤ «አራተኛ ቢያስገቡት እኮ!» ማለቱ ነው። ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ።

ብቻዬን ቀረሁ። መጀመሪያ የመኪናውን መንገድ ይዤ ጥቂት ሄድሁ። ግን እንባቸው አልለቀቀኝም። ሰውዬው ጠልተውኝ ይሆን? ታዲያ ለምን አለቀሱ? አብደው ይሆን? ታዲያ ሚስቴን ከእብድ ጋር ልኬ ምን እሠራለሁ? እያሰብሁ ሳላውቀው ወደ እርሻው ታጠፍሁ። በማሳው ውስጥ የማያቸው ሴቶችና ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። አንዲት እናት ከሩቅ ሲያዩኝ እጃቸውን እያወዛወዙ «ሂድ! ሂድ! እንዳትቆም!» አሉኝ። እብደቱ የጋሽ ይርሳው ብቻ ሳይሆን የአገሩ ሁሉ መሰለኝ።

ሐይቁ ዳር ስደርስ አንድ ሽማግሌ ታንኳቸው ላይ እንጨት ጭነው አገኘኋቸው። ወደ ከተማ እንዲወስዱኝ ለመንኋቸው። ከደንገል ሸምበቆ የታሰረች ታንኳ ናት፤ ሰውነቴን አይቼ እኔው ሰጋሁ።

«አልከብድም አባቴ?»

«ግባ። ታንኳ የሚያደክመው ሰው አይደለም፤ ነፋስ ነው» አሉኝ።

አበጀን የሰማሁ ያህል ሆነብኝ። ሽማግሌው እየቀዘፉ አንድ ጊዜ ብቻ «ዛሬ በመንገድ አለመምጣትህ ደግ አደረግህ» አሉ። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው ነፋሱን ሰበብ አድርገው መቅዘፋቸውን ቀጠሉ።

ሆስፒታሉ በር ስደርስ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ዘቅዝቃለች። እቴቴ ዝማም ገና ከሩቅ ሲያዩኝ እልል አሉ። «ማርያም ማረቻት! ሴት ልጅ! ሁለቱም ደህና ናቸው!» መሬት ላይ ተቀመጥሁ። እንዲያ ተደስቼ አላውቅም። ሰውነቴ ሁሉ ቀለለኝ።

«አበጀስ? አጎት ሆኖ ምን አለ?» አልኋቸው እየሳቅሁ።

እቴቴ ዝማም እልልታቸውን አቋርጠው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። በእጃቸው ወደ ግቢው ግንብ አመለከቱኝ። ጋሽ ይርሳው ላንድሮቨሯን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«አበጀ የት ነው?» አልኋቸው አጠገባቸው ደርሼ።

«ወሰዱት።»

«ማን?»

«ጠዋት ስመጣ ባሕር ዳር መግቢያ ኬላው ላይ ወታደሮች አውቶቡሱን አቁመው ወንዱን ሁሉ ካሚዮን ላይ ሲጭኑት አየሁ። ለብሔራዊ ውትድርና ነው። ተማሪ የለ፣ መምህር የለ፤ መታወቂያ የሚያይ የለም። እኔን ሽማግሌ ነው ብለው አሳለፉኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» ጮህሁባቸው።

«ማን ፊት? መራዊ ላይ ያ ሁሉ ጥበቃ ከቦን? መንገድ ላይ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ? የፓርቲ ሰው ነው። ይርሳው ዘማች አስመለጠ ቢባል ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል? ወንድ አልጭንም አልሁ፤ አዘዘኝ። በሁለተኛ እያስጮህሁ መኪናው አልቻለም ልል ሞከርሁ፤ ልጁ ሳይንስ አመጣብኝ። ተበላሸ ብዬ ሞተሩን ላጠፋው አሰብሁ፤ ትርንጎ በእጄ ልትሞት ነው። አንተን ብቻ አወረድሁ።»

«ቤንዚኑስ?»

ተነሡ። ከመሬት ቀጭን እንጨት አንሥተው ወደ ታንኩ ሰደዱና አውጥተው አሳዩኝ። እንጨቱ እስከ ወገቡ ረጥቧል። «ጠዋት ሞልቼ ነው የመጣሁ። መለኪያዋ ከሞተች ቆየች፤ ሁልጊዜ ባዶ ነው የምትል። ይህን ሁሉ አስጩኼ እንኳ ይኸው ተረፈ። ልጁ ያለው ሁሉ ልክ ነበር።»

«ኃላፊውስ ምን አደረገ?» አልኋቸው።

«እሱ ነው እኮ ያቃጠለኝ! ወታደሩ አበጀን ሲይዘው ዘሎ ወረደ። መታወቂያውን አሳያቸው፤ ‹ተማሪ ነው፣ እህቱ በምጥ ላይ ናት› ብሎ ለመናቸው። ገፍትረው መለሱት። ከዚያ እስከዚህ ሲያለቅስ መጣ። ሲያለቅስ መምህር! እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን ባውቅ በጆሮው እነግረው አልነበር? መንገድ ያስቀይረኝ አልነበር? እንዴት ልወቅ? በምን ልወቅ?»

«አበጀ ምን አለ?»

ጋሽ ይርሳው እንጨቱን በእጃቸው ሰበሩት። «ሲያወርዱት ዞሮ አየኝ። ‹ጋሽ ይርሳው፣ ለካ ለዚህ ነው በሁለተኛ የነዱት› አለኝ።»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ፍረዱ ብትባሉ ማን ላይ ትፈርዳላችሁ? እኔ ስንት ዓመት ሞክሬ አልሆነልኝም። ጋሽ ይርሳው የዋሹት ሊያድኑን ነው። አበጀ የተናገረው እውነት ነው። ኃላፊው ያዘዘው አዝኖልን ነው። በዚያች መኪና ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጁ ግን ተወሰደ። ልጄን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ደስ ባለኝ ቁጥር የማንን ቦታ ይዤ እንደምደሰት ይጠፋኛል። እኔ ሚስቴን ያልከሰስሁበት፣ እሷም እኔን ያልከሰሰችበት፣ ግን በመካከላችን ቁጭ የሚል ነገር ነበር።

አንድ ነገር ግን ተለውጦብኛል። ሥራውን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው፣ ከሥራው ጋር የሚጣላ ነገር ሲያደርግ ካየሁ አልከራከረውም። ዝም ብዬ ዓይኑን አያለሁ፤ ከቻልሁም ገለል አድርጌ «ምን አይተህ ነው?» እለዋለሁ። በኋላ መንዳት ስማር አስተማሪዬ «አሁን አራተኛ አስገባ» ሲለኝ እጄ ማርሹ ላይ ይቀራል። ምክንያቱን አልነገርሁትም፤ ፈሪ መስዬው ነበር።

መንግሥት ተለውጦ ያ ሁሉ ወታደር በየመንገዱ ቡትቶውን ለብሶ ሲመለስ እኛ ወደ ባሕር ዳር ተዛውረን ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ፊደል ጨርሳ ንባብ የጀመረችው ልጃችን በር ከፍታ «አባዬ፣ ምርኩዝ የያዘ ሰውዬ ስምህን እየጠራ ነው» አለችኝ። ወጣሁ። ከአበጀ የቀረው ቅጥነቱ ብቻ ነበር። አንዱ እግሩ አልታጠፍ ብሎታል።

ትርንጎ አልጮኸችም። አስገብታ አስቀመጠችው፤ ውሃ አሙቃ እግሩን ታጥብ ጀመር። ስለ ጦርነቱ ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ተውሁት። ስለ ጋሽ ይርሳው ልነግረው ፈለግሁ፤ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። እሱ ነው ቀና ያለው።

«አያ ሙሉ፣ ቤንዚኑ ሆስፒታል አደረሳቸው?»

«ተረፈ» አልሁት። «ታንኩ ግማሽ ድረስ ነበር።»

አበጀ ሳቀ። የድሮ ሳቁ ነበር፤ በዚያ ፊት ላይ እንዴት እንደቀረ እንጃ።

«ብያችሁ ነበር እኮ» አለ።

ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትርንጎ እግሩን ማጠቧን አላቋረጠችም።